በየትኛው በር እንግባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

(ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምንኖረው ክላርክስተን፣ ጆርጂያ ነው። ባለቤቴ በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራል። አሁን ስንት ለምኜው ቅዳሜና እሁድን አብሮን ለማሳለፍ ፈቃድ ወስዷል። ልጆቻችን 14፣ 9 እና 6 ዓመታቸው ነው። እኔ የቆየ ቤት ሳይ ልቤ ይሸፍታል፤ ሰፊ በረንዳ፣ ነጭ ዓምድ፣ ትልልቅ ዛፍ ያለበት ግቢ። ከአትላንታ ወጣ ብለን ትንንሾቹን ከተሞችና ታሪካዊ ቤቶቹን እንይ ስል ባለቤቴ “ሰው ሲሸጥና ሲገርፍ የኖረ ሰውዬ ሳሎን ለማየት ከኪሴ አምስት ሳንቲም አላወጣም” አለኝ። ትልቋ ልጄም ከአባቷ ጋር ወግናለች። እውነታቸውን እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ቤቶቹን ማየት አሁንም እፈልጋለሁ። ጥፋት ነው?
— የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋት አይደለም። ባለቤትሽም አልተሳሳተም። እኔ ራሴ ሁለቱንም ሆኜ አይቼዋለሁ፤ በመጀመሪያ አንቺን፣ ቀጥሎ እሱን።

መጀመሪያ ያየሁትን ቤት ስም አልጠራም። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አስጎብኚዋ ስለ መጋረጃው፣ ከፈረንሳይ ስለመጣው መስታወት፣ ስለ ፒያኖው ብዙ ነገረችን። ጓሮ ካለው ኩሽና ስንደርስ አንድ ጊዜ ብቻ “አገልጋዮቹ እዚህ ያበስሉ ነበር” አለችና አለፈች። አገልጋዮቹ! ልጄ ቀሚሴን ይዛ “ማሚ፣ እኛ ያኔ ብንኖር ኖሮ በየትኛው በር ነበር የምንገባው?” አለችኝ። “በኋላው” አልኳት። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ማንም አልተናገረም። ሁለተኛ እግሬ እዚያ አይደርስም ብዬ ማልኩ።

ሐሳቤን ያስቀየረችኝ እናቴ ናት። ከሁለት ዓመት በኋላ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን መጣች። ቤቱን ከውጭ አይታ “ይህንማ ሳላይ አልሄድም” ስትል እምቢ ማለት አልቻልኩም። ሳሎኑን በቆመችበት ዞር ብላ አየችና ቀጥታ ወደ ኩሽናው ሄደች። ምድጃው ሰው ቁጢጥ ብሎ የሚገባበት ያህል ነው። ብረት ድስቱን በሁለት እጇ ልታነሳ ሞከረች፤ አልቻለችም። “ይህን ስታወጣና ስታወርድ የኖረችው ሴት ወገቧ እንዴት ሆነ? ስሟስ ማነው? ጠይቂልኝ” አለች። አስጎብኚው ወጣት ልጅ ነበር። ትንሽ አሰበና ከቢሮ የአንድ መዝገብ ቅጂ ይዞ መጣ። የቤቱ ባለቤት ሲሞት ንብረቱ የተቆጠረበት ነው። በቅሎዎቹ፣ ማረሻው፣ አልጋው፣ ሰዎቹም በዚያው መስመር፣ እያንዳንዱ ከነዋጋው። እናቴ ስሞቹን አንድ በአንድ አስነበበችኝ፤ በእያንዳንዱ ስም “ነፍስ ይማር” እያለች አማተበች። በመጨረሻ “የአባታቸውን ስም ለምን ትዘያለሽ?” አለችኝ። አልዘለልኩም። አልተጻፈም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እነዚህን ቤቶች ከጓሮ ነው የምጀምረው። የምመክርሽም ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ኩሽናው፣ ውሃ ጉድጓዱ፣ በባርነት የነበሩት ሰዎች ማደሪያ፤ ሳሎኑ መጨረሻ ላይ ይድረሳችሁ። በረንዳውን የምትወጂውን ያህል ውደጂ፣ ማን ሠራው ብለሽ ጠይቂ እንጂ። ጣሪያው ከፍ፣ መስኮቱ ረዘም ያለው፣ ኮሪደሩ ከፊት በር እስከ ኋላ በር ቀጥ ብሎ የሚሄደው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ በዚህ በአሜሪካ ደቡብ ሙቀት ነፋስ እንዲያሳልፍ ነው። ኩሽናው ከቤቱ የራቀውም እሳትና ሙቀት ወደ ጌቶቹ እንዳይደርስ ነው። ሙቀቱ የቀረው እንግዲህ ለአብሳይዋ ነው። በአንዳንድ የደቡብ ቤቶች ጡብ ላይ ጭቃው ሳይደርቅ የነካው ሰው የጣት አሻራ እስከ ዛሬ ይታያል። የስድስት ዓመት ልጅሽ ጣቱን ያስገባበት፤ ይገባዋል።

ለባለቤትሽ ደግሞ ይህን ንገሪው። በ1860 ቆጠራ የጆርጂያ ሕዝብ 1,057,286 ነበር፤ ከእነዚህ 462,198ቱ በባርነት የተያዙ ናቸው። ከመቶ 44 ማለት ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ቤትም መቃብርም በስማቸው ሳይቀርላቸው ነው የሄዱት። ቤቱ እንግዲህ የእነሱም ሥራ ነው። ባለቤቱ ብቻ የሚወደስበት ቤት ገንዘብ አትክፈሉ፣ በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ። ቀድመሽ ስልክ ደውዪና “በጉብኝታችሁ በባርነት ስለነበሩት ሰዎች ትናገራላችሁ ወይ?” ብለሽ ጠይቂ። አዎ የሚሉ “አዎ፣ እንዲህ እንዲህ እናሳያለን” ይሉሻል። መልሱ ከተንተባተበ እለፉት።

መንገዱን ልንገርሽ። ቅዳሜ ጠዋት በእኛ 2 ሰዓት ተነሡ። በአይ-20 ወደ ምሥራቅ 50 ማይል ያህል ሄዳችሁ ማዲሰን ትደርሳላችሁ። ስትደርሱ “ሸርማን ሊያቃጥላት ያልቻለ ውብ ከተማ” የሚል ተረት ትሰማላችሁ። በእርስ በርስ ጦርነቱ የሰሜኑን ጦር የመራው ጄኔራል ሸርማን በኅዳር 1864 ከአትላንታ ወደ ባሕር ሲወርድ ውበቷ አሳዘነው ይባላል። እውነቱ ሌላ ነው። የከተማው ሰው ጆሽዋ ሂል የኮንግረስ አባል ነበር፤ ደቡቡ ከአሜሪካ መገንጠሉን ተቃውሞ በ1861 ከዋሽንግተን የተመለሰ ሰው ነው፤ ከተማዋን እንዲምሩለት የጦሩን አዛዦች ለመነ። የባቡር ጣቢያውና የጥጥ መጋዘኑ ግን ተቃጥሏል። ወታደሮቹ በዚያ ጉዞ በዋናነት ሲያወድሙ የነበሩት ለጦርነት የሚያገለግለውን ነው፤ ሐዲድ፣ መጋዘን፣ ወፍጮ። ለ14 ዓመቷ ልጅሽ ተረቱንም እውነቱንም ንገሪያትና ሰዎች የቱን መስማት እንደሚወዱ፣ ለምንም እንደሆነ ራሷ ታስብበት።

ማዲሰን ውስጥ ብዙ ቤት አለ፤ ሁሉንም ለማየት አትሩጪ። እኔ አንድ ብቻ እይ ብባል ከፍርድ ቤቱ አጠገብ ያለችውን ትንሿን ሮዝ ኮቴጅ እመርጣለሁ። የሠራቻት አደላይን ሮዝ ናት። በ1864 በባርነት ተወለደች። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆቿን የሰው ልብስ እያጠበችና እየተኮሰች አሳደገች፤ ዋጋው ለአንድ እጥበት 50 ሳንቲም ነበር። ከዚያች ሃምሳ ሳንቲም አጠራቅማ በ1891 የራሷን ቤት ሠራች። ዓምድ የላትም፣ ሰፊ ግቢም የላትም። ዳያስፖራ ሆኖ ጽዳት ሠርቶ፣ መኪና ነድቶ፣ ልጅ አሳድጎ ቤት የገዛ ሰው ይህችን ቤት ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለአንቺ አልነግርሽም። ባለቤትሽን እዚያ በረንዳ ላይ አቁሚው።

ከማዲሰን በ441 መንገድ ወደ ደቡብ ውረዱ። ኢተንተን ከመድረሳችሁ በፊት ሮክ ኢግል የሚባል ቦታ አለ፤ የጥንት ነባር ሕዝቦች ነጭ ድንጋይ ከምረው የሠሩት ግዙፍ ወፍ ነው። ከክንፍ እስከ ክንፍ 120 ጫማ፣ ከራስ እስከ ጭራ 102 ጫማ። መግቢያ አይከፈልበትም፤ ከአጠገቡ ግንብ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ማየት ነው። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ “አትንኩ” ሲባሉ ስለሚውሉ እዚህ ትንሽ ይሩጡ። ኢተንተንን ቡና ጠጥታችሁ እለፏት።

ሚሌጅቪል አዳር። ከ1868 በፊት የጆርጂያ ዋና ከተማ ይህች ነበረች። በድሮው ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ ጃንዋሪ 19 ቀን 1861 ጆርጂያ ከአሜሪካ ትገንጠል ተብሎ በ208 ድምፅ ለ89 ተወሰነ። በ1839 ያለቀው የአገረ ገዢው መኖሪያ ደግሞ አሁን ሙዚየም ነው። ሸርማን ሲደርስ አገረ ገዢው ዕቃውን አሽሽቶ ስለነበር ጄኔራሉ በባዶው ቤት ወለል ላይ የጦር ሜዳ ብርድ ልብሱን አንጥፎ ተኛ። ወታደሮቹም ምክር ቤቱ ውስጥ ገብተው የማስመሰል ጉባኤ አድርገው የመገንጠሉን ውሳኔ ሻሩት። ልጆች ይህን ታሪክ ይወዱታል፤ የእኔ ልጅ እስከ ዛሬ ትተርከዋለች።

እሁድ ወደ ሜከን። እዚያ ሄይ ሀውስ የሚባል ከ1855 እስከ 1859 የተሠራ ቤት አለ፤ 24 ክፍሎች፣ 18,000 ካሬ ጫማ፤ ያኔ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ በቧንቧ ይገባበት ነበር። ጉድ ነው፣ ሄዳችሁ እዩት። ከዚያ ግን መኪና ውስጥ ሆናችሁ የኤለን ክራፍትን ታሪክ ለልጆቹ ንገሩ። ሜከን ውስጥ በባርነት የነበረች ወጣት ናት። አባቷ የመጀመሪያ ጌታዋ ስለነበር መልኳ ነጭ ይመስላል። ባሏ ዊሊያም አናጢ ነበር፤ ባጠራቀመው ገንዘብ ልብስ ገዛና ኤለን የወንድ ባርኔጣ ደፍታ፣ አረንጓዴ መነጽር አድርጋ ታማሚ ወጣት ባለ እርሻ መሰለች። እሱ አሽከሯ ሆነ። መጻፍ አትችልም ነበርና ፈርም እንዳትባል ቀኝ እጇን በጨርቅ አንጠለጠለችው። ባቡሩ ላይ ጌታዋን የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ሲቀመጥ ደንቆሮ መሰለች። ዲሴምበር 21 ቀን 1848 ተነሥተው በገና ዕለት ባርነት ወደሌለባት ፊላደልፊያ ገቡ። ያቺ ሴት ከኋላ በር አልገባችም። ከተማው ውስጥ ያለውን የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ የሚታይበትን የተብማን ሙዚየምም ክፍት ከሆነ በዚያው እዩ።

ትልቋ ልጅሽ “እኛ አገርስ ነበር ወይ?” ብላ መጠየቋ አይቀርም፤ የእኔዋ ጠይቃለች። ነበር በይያት። በአዋጅ የቀረው በእኛ አቆጣጠር በ1934 ነው፤ አያቶቻችን የሚያስታውሱት ዘመን ነው። እኛም ጎንደርን ስንጎበኝ የነገሥታቱን ስም እንደረድራለን እንጂ ድንጋዩን ማን ተሸከመው ብለን አንጠይቅም። እኔ ይህን ያወቅሁት ጆርጂያ ውስጥ፣ እናቴ ድስት ማንሳት ሲያቅታት ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ነዎት? አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋር ናቸው፤ 74 ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ታሪካዊ ቤቶቹን ልናሳያቸው ያሰብነው በፍልሰታ ነው፤ ይጾማሉ። በገጠር ከተማ ለእሳቸው የሚሆን ምግብ ይገኛል? ደረጃውንስ ይችሉታል?
— ከዲኬተር

መልስ፦ በመጀመሪያ ስለ ምግቡ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታልና። የደቡብ ምግብ ቤት ገብተህ ኮላርድ ግሪንስ ስታይ ጎመን ነው ብለህ ልትደሰት ትችላለህ። ቅጠሉ እኛም እዚህ አገር ጎመን የምንሠራበት ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአሳማ እግር ጋር ነው የሚቀቀለው። ፎሶሊያውም ቤከን ይገባበታል። “ቬጂቴብል ፕሌት” የሚል ዝርዝር ውስጥ ማካሮኒ በአይብ አትክልት ተብሎ ይቀመጣል። የበቆሎ ዳቦው ወተትና እንቁላል አለበት፤ የተጠበሰው ባሚያም ብዙ ጊዜ ወተት የነካው ነው። አስተናጋጇ “ሥጋ የለውም” ብትልህ እንኳ “በምን ተቀቀለ?” ብለህ ጠይቅ፤ ለእሷ የአሳማ መረቅ ሥጋ ላይባል ይችላል።

እኔ ለእናቴ ሽሮ በቴርሞስ፣ እንጀራ፣ የጾም ጎመንና ሱፍ ፍትፍት ይዤ ነበር የምሄደው። በየከተማው ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ጥላ ያለው አደባባይና አግዳሚ ወንበር አይጠፋም፤ እዚያ ዘርግቶ መብላት ነው። ከመንገድ ዳር ደግሞ የተቀቀለ ኦቾሎኒ ይሸጣል፤ ውሃና ጨው ብቻ የሆነውን ጠይቀህ ግዛ። እናቴ “ባቄላ ነው ወይስ ለውዝ?” እያለች አንድ ከረጢት ጨርሳለች። የጆርጂያ ኮክም ፍልሰታ መግቢያ ላይ ገና ገበያ ላይ ነው።

ጉልበታቸውን በሚመለከት፣ እነዚህ ቤቶች ከመሬት ከፍ ብለው ስለሚሠሩ ገና መግቢያው ላይ ደረጃ አለ፤ የውስጡ ደግሞ ቀጥ ያለና ጠባብ ሊሆን ይችላል። ስትደውል “ሊፍት ወይም መወጣጫ ያለው በር አለ ወይ?” በል። ሳትደውል አትሂድ፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ ሰኞ ዝግ ናቸው፤ እሁድም የሚከፍቱት ከሰዓት በኋላ ነው። ካልተመቻቸው በረንዳው ላይ ተወዛዋዥ ወንበር ይሰጧቸው። እናንተ ፎቁን አይታችሁ ስትወርዱ እሳቸው ግቢውን ጨርሰው አይተው ይጠብቋችኋል። የኦገስት ሙቀት ግን ቀልድ አይደለም፤ ጠዋቱን ለውጭ፣ እኩለ ቀኑን ለሙዚየም አድርገው።

ጥያቄ፦ እኔ ያለኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። በኡበር ነው የምተዳደረው፤ ለታሪካዊ ቤቶቹ መግቢያ ለአራት ሰው የምከፍለው የለኝም። የ10 ዓመት ልጄን የት ልውሰደው?
— አባት፣ ከአትላንታ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሜከን፣ ኦክመልጊ ማውንድስ ውሰደው፤ የጥንት ነባር ሕዝቦች የሠሯቸው የአፈር ጉብታዎች ያሉበት ቦታ ነው። በአይ-75 ወደ ደቡብ 85 ማይል ያህል ነው። ብሔራዊ የታሪክ ፓርክ ነው፤ መግቢያ አይከፈልም። ከነጭ ዓምዶቹ ሁሉ በፊት እዚህ ትልቅ ሕዝብ ነበረ፤ መስኮጊ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ዛሬም የአባቶቻችን አገር ይሉታል፤ በ1800ዎቹ ነው ተገፍተው ወደ ምዕራብ የሄዱት።

እዚያ ከአፈር የተሠራ ክብ ጎጆ አለ። ጣሪያው በኋላ እንደገና የተሠራ ነው፤ የሸክላ ወለሉ ግን የ1015 ነው፤ ላሊበላ ከመፈልፈሉ በፊት። መግቢያው ዝቅ ያለ ነውና ትንሹም ትልቁም ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። በግድግዳው ዙሪያ ከጭቃ የተቀረጹ 47 መቀመጫዎች አሉ፤ ሦስት ደግሞ የንስር ቅርጽ ባለው መደብ ላይ። ልጅህ ይቁጠራቸው።

ከዚያ በደረጃው ትልቁ ጉብታ ላይ ውጡ፤ የሜከን ከተማ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወደ ሳቫና የሚሄደው የባቡር ሐዲድ በ1840ዎቹ ሲዘረጋ ከጉብታዎቹ አንዱን ቆርጦ ነው ያለፈው። ከላይ ለክላርክስተኗ እህት የነገርኳትን የኤለን ክራፍትን ታሪክ ለልጅህ እዚያ ቆመህ ንገረው። የተሳፈረችው በዚያው መስመር ነው።